ከለንደን አዳራሽ እስከ ካምፓላ ኮረብታ
የዓለም አቀፍ ጉባኤዎች አነሣሥና የአፍሪካ ወንበር

ቡኮቶ በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ ውስጥ የምትገኝ ሠፈር ናት። ከናጉሩ ኮረብታ አጠገብ ተዘርግታ፣ በገበያዋና በመንገዶችዋ ዳር ጧት ማታ ሰው የሚተራመስባት፣ ከሌሎቹ የከተማዋ ሠፈሮች እምብዛም የማትለይ ናት። ከዚህች ሠፈር ተነሥቶ በካሞኪያ በኩል ወደ መሀል ከተማ የወረደና ጉዞውን ወደ ምዕራብ የቀጠለ መንገደኛ አሮጌው ካምፓላ ከሚባለው ኮረብታ ይደርሳል። ዛሬ በኮረብታው አናት ላይ ታላቅ መስጊድ ቆሞ ከሩቅ ይታያል። ከ130 ዓመታት በፊት ግን እዚያ ቆሞ ይታይ የነበረው የእንግሊዛዊው ሻምበል የፍሬዴሪክ ሉጋርድ ምሽግ ነበር።

ሉጋርድ በዚያ ኮረብታ ላይ የሠፈረው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1890 ነው። በዚያው ዓመት ጁላይ 1 ቀን እንግሊዝና ጀርመን በበርሊን በተፈራረሙት ውል የቡጋንዳ ምድር በእንግሊዝ የተጽዕኖ ክልል እንዲሆን ተስማምተው ነበር። በማግሥቱ ጁላይ 2 ቀን ደግሞ 17 መንግሥታት በብራስልስ ጉባኤያቸውን ፈጽመው የባሪያ ንግድን ለማጥፋት የሚል ሰነድ ፈረሙ። የመጀመሪያው ወረቀት አገሩን ሰጠ፤ ሁለተኛው ወረቀት አገሩን ለመያዝ የሚነገረውን ምክንያት ሰጠ። በእነዚያ ኮረብታዎች ዙሪያ ሙዝ ተክሎ ይኖር የነበረው ገበሬ ግን ስለ ሁለቱም ወረቀቶች የነገረው አልነበረም፤ የጠየቀውም አልነበረም።

እንዲህ ያለው ጉባኤ ከየት መጣ? ባሪያን ነፃ ለማውጣት የተጀመረው ስብሰባ በሃምሳ ዓመት ጊዜ ውስጥ አገር ለመያዝ ምክንያት ወደመሆን እንዴት ደረሰ? አፍሪካ፣ በተለይም ኢትዮጵያ፣ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ወንበር ያገኘችው መቼና በምን መንገድ ነው? በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች በተከታታይ እንመለከታለን።

የቃሉና የነገሩ መነሻ

ጉባኤ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ቃል አይደለም። በ325 የኒቅያን፣ በ381 የቁስጥንጥንያን፣ በ431 የኤፌሶንን ጉባኤ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያልሰማ ምእመን አይገኝም። በራሳችንም ምድር እ.ኤ.አ. በ1878 ዐፄ ዮሐንስና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት በወሎ ቦሩ ሜዳ ላይ የተካሄደው የሃይማኖት ጉባኤ በታሪክ ታላቅ ስፍራ አለው። በመንደር ደረጃም ቢሆን ሽማግሌ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነገር የሚሰማበት ሸንጎ አባቶቻችን ሲተዳደሩበት የኖሩት ሥርዓት ነው።

ይሁን እንጂ እነዚህ ሁሉ የተጠሩት በንጉሥ፣ በጳጳስ ወይም በባላባት ሥልጣን ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓና በአሜሪካ የተነሣው አዲስ ነገር የጠሪው ማንነት ነበር። ሐኪሙ፣ ነጋዴው፣ ሰባኪው፣ የጋዜጣ አዘጋጁ፣ ቆይቶም የፋብሪካ ሠራተኛው፣ ከማንም መንግሥት ትእዛዝ ሳይቀበሉ፣ በልዩ ልዩ አገር የሚኖሩ መሰሎቻቸውን በደብዳቤ እየጠሩ ይሰበሰቡ ጀመር። ባርነት ይጥፋ፣ ጦርነት ይቅር፣ የእስረኛ አያያዝ ይሻሻል፣ ወረርሽኝ ይገታ፣ የሥራ ሰዓት ይወሰን የሚሉ ጥያቄዎች ሁሉ በየራሳቸው ጉባኤ አገኙ።

ይህ እንዲሆን ያስቻሉት ምክንያቶች ግልጽ ናቸው። የናፖሌዎን ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1815 ካከተመ በኋላ በአውሮፓ ረዘም ያለ የሰላም ጊዜ ተገኘ። የእንፋሎት መርከብና የምድር ባቡር የወራትን መንገድ ወደ ቀናት አሳጠሩ። በእንግሊዝ አገር በ1840 አንድ ወጥና ርካሽ የፖስታ ዋጋ ስለተደነገገ የጥሪ ደብዳቤ መላክ ለተራው ሰው የማይከብድ ሆነ። ቴሌግራፍና ጋዜጣ ተጨምረው በአንድ አዳራሽ የተነገረውን ቃል በሳምንት ውስጥ በብዙ አገር አሰሙ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ በየአገሩ ለብቻው ይጮህ የነበረው የለውጥ አራማጅ ድምፁን ከሌላው ጋር የሚያስተባብርበትን መሣሪያ አገኘ።

የጉባኤው አሠራርም ከጊዜ ወደ ጊዜ አንድ ዓይነት መልክ እየያዘ ሄደ። ጥሪ ይወጣል፤ ማኅበራት ልዑካን ይመርጣሉ፤ የልዑካኑ የውክልና ወረቀት ይመረመራል፤ ሊቀ መንበርና ጸሐፊዎች ይሰየማሉ፤ ኮሚቴ ረቂቅ ያቀርባል፤ የውሳኔ ሐሳብ በድምፅ ይጸድቃል፤ ቃለ ጉባኤው ታትሞ ይሠራጫል፤ የሚቀጥለው ስብሰባ ቦታና ጊዜ ተወስኖ ይለያያሉ። ዛሬ በየቀበሌው፣ በየማኅበሩና በየመሥሪያ ቤቱ የምናውቀው የስብሰባ ሥርዓት አብዛኛው በዚያ ዘመን የተስተካከለ ነው።

የ1840 የለንደን ጉባኤ

ከእነዚህ ጉባኤዎች መካከል ፈር ቀዳጅ ሆኖ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. ከጁን 12 ቀን 1840 ጀምሮ በለንደን የተካሄደው ዓለም አቀፍ የፀረ ባርነት ጉባኤ ነው። እንግሊዝ በቅኝ ግዛቶችዋ ባርነትን የሚሽር ሕግ በ1833 ያወጣች ሲሆን፣ በ1839 የተቋቋመው የእንግሊዝና የውጭ አገር ፀረ ባርነት ማኅበር ትግሉ ወደ ሌሎች አገሮች እንዲሸጋገር በመሻት ጥሪውን አስተላለፈ። ጉባኤውን የከፈቱት ዕድሜያቸውን በሙሉ የባሪያ ንግድን ሲታገሉ የኖሩት የ80 ዓመቱ ሽማግሌ ቶማስ ክላርክሰን ነበሩ። በአዳራሹ ከተገኙት አንዱ ከጃማይካ የመጡት ሄንሪ ቤክፎርድ ሲሆኑ፣ እርሳቸውም ራሳቸው በባርነት ኖረው ነፃ የወጡ ሰው ነበሩ። ባርነትን ቀምሶ ያየ ሰው ስለ ባርነት በዓለም ፊት ሲናገር መስማት ለዚያ ዘመን ታላቅ ነገር ነበር።

ይኸው ጉባኤ ግን በመጀመሪያው ቀን ከባድ ነቀፋ የሚያስከትል ውሳኔ ወሰነ። ከአሜሪካ ከተላኩት ልዑካን መካከል ሉክሪሺያ ሞትና ሌሎች ሴቶች ነበሩ። ጉባኤው ከረጅም ክርክር በኋላ የሴቶቹን ውክልና ሳይቀበል ቀረና ከአዳራሹ ዳር ተቀምጠው እንዲያዳምጡ ብቻ ፈቀደ። ጥቂት ቀናት ዘግይተው የደረሱት የታወቁት የባርነት ተቃዋሚ ዊሊያም ሎይድ ጋሪሰን ይህን ሲያዩ የልዑክ ወንበራቸውን ትተው ከሴቶቹ ጋር ተቀመጡ።

ስለ ነፃነት ለመነጋገር በተጠራ አዳራሽ ውስጥ የመናገር ነፃነት የተነፈጉት ሴቶች ነገሩን እንዲሁ አልተዉትም። ሉክሪሺያ ሞትና በዚያው ስፍራ የተዋወቋት ወጣቷ ኤልሳቤጥ ኬዲ ስታንተን ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በጁላይ 1848፣ በአሜሪካ ሴኔካ ፎልስ በተባለች ትንሽ ከተማ የሴቶችን መብት የሚመለከት የራሳቸውን ጉባኤ እንዲጠራ አደረጉ። በጉባኤ ታሪክ ውስጥ ደጋግመን የምናየው ሕግ ከዚህ ይጀምራል። ወንበር የተከለከለ ወገን ጽናት ካለው የራሱን አዳራሽ ይሠራል።

ስለ ሰላምና ስለ ቁስለኛ

የሰላም ወዳጆችም በለንደን በ1843፣ በብራስልስ በ1848፣ በፓሪስ በ1849 ተሰበሰቡ። የፓሪሱን ጉባኤ በሊቀ መንበርነት የመሩት ታላቁ ደራሲ ቪክቶር ሁጎ ሲሆኑ፣ የአውሮፓ አገሮች አንድ ቀን እንደ አንድ ኅብረት ተዋሕደው ከመድፍ ይልቅ በድምፅ እንደሚዳኙ ተናገሩ። ይህ በተነገረ በአራት ዓመት ውስጥ የክሪሚያ ጦርነት ፈነዳ። ጉባኤተኞቹ ጦርነትን የሚያስቀር ኃይል እንዳልነበራቸው በገሃድ ታየ።

ከዚህ ውድቀት በኋላ የመጣው ሙከራ ግን ከሁሉ ይልቅ ፍሬ የሰጠ ነው፤ ለወታደር አንባቢያችንም በቅርብ የሚነካው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 24 ቀን 1859 በኢጣልያ ምድር በሶልፌሪኖ በተደረገው ውጊያ ወደ 40,000 የሚጠጋ ሰው ሞተ፣ ቆሰለ ወይም ጠፋ። በአጋጣሚ በዚያ ያልፍ የነበረው የጄኔቭ ነጋዴ ሄንሪ ዱናንት ቁስለኛው ያለ ውኃና ያለ ሐኪም ሲያቃስት ተመልክቶ፣ የመንደሩን ሴቶች አስተባብሮ ወገን ሳይለይ ያስታምም ጀመር። በ1862 ያየውን በመጽሐፍ አሳተመ። በኦክቶበር 1863 የ16 መንግሥታት ልዑካን በጄኔቭ ተሰብስበው በነጭ ላይ ቀይ መስቀል የሐኪምና የአስታማሚ ምልክት እንዲሆን ተስማሙ። በኦገስት 22 ቀን 1864 ደግሞ 12 መንግሥታት በአሥር አንቀጽ የተጻፈውን የጄኔቭን ስምምነት ፈረሙ።

የሰላም ጉባኤተኞች ጦርነት ፈጽሞ እንዲቀር ጠይቀው አልተሳካላቸውም። የጄኔቭ ሰዎች የጠየቁት አነስ ያለ ነገር ነበር። መሣሪያውን የጣለ ቁስለኛ የየትኛውም ወገን ይሁን ይታከም፤ ሐኪሙና የቁስለኛ ማመላለሻው አይተኮስበት አሉ። ጥያቄው ልኩን የጠበቀ፣ አፈጻጸሙም የተወሰነ ስለነበር መንግሥታት ሊፈርሙት ቻሉ።

በዚያው ዘመን ሌሎችም ጉባኤዎች ሥራ ሠርተዋል። በ1851 በፓሪስ 12 መንግሥታት ኮሌራን ስለ መከላከል ሲመክሩ እያንዳንዱ አገር አንድ ሐኪምና አንድ ዲፕሎማት ላከ፤ ሐኪሞቹ በበሽታው መተላለፊያ፣ ዲፕሎማቶቹ በንግዱ ጥቅም ሲከራከሩ የመጀመሪያው የጸና ስምምነት እስኪገኝ አርባ ዓመት አለፈ። በ1874 በበርን 22 አገሮች የፖስታ ኅብረትን አቋቋሙ፤ ኢትዮጵያም በ1908 የዚህ ኅብረት አባል ሆነች። በጁላይ 1889 በፓሪስ የተሰበሰቡት የሠራተኞች ልዑካን የሥራ ቀን ስምንት ሰዓት እንዲሆን በአንድ ቀን በየአገሩ ሰልፍ እንዲወጣ ወሰኑ፤ ሜይ 1 የሠራተኞች ቀን የሆነው ከዚህ ውሳኔ የተነሣ ነው።

መንግሥታት አዳራሹን ሲረከቡ

እስከዚህ ድረስ የተመለከትናቸው ጉባኤዎች ስለ ሰው ልጅ መከራ የተጠሩ ነበሩ። ቅኝ ገዥዎች ግን የጉባኤን ኃይል ከተረዱ በኋላ ቋንቋውን ለራሳቸው ዓላማ ተዋሱት። ከኖቬምበር 15 ቀን 1884 እስከ ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1885 በበርሊን በተካሄደው ጉባኤ 14 መንግሥታት ስለ አፍሪካ ሲመክሩ ከአፍሪካ አንድም ልዑክ አልተገኘም። የበርሊኑ ሰነድ የአገሬውን ሕዝብ ኑሮ ስለ ማሻሻልና ባርነትን ስለ ማጥፋት የሚናገር አንቀጽ አለው። በዚሁ ሰነድ ሌላ አንቀጽ አዲስ የባሕር ዳርቻ የያዘ ወይም ጥበቃውን በአገር ላይ ያዋለ መንግሥት ለሌሎቹ ፈራሚዎች እንዲያሳውቅ ታዝዟል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላል የአገራችን ሰው። በበርሊን ባለቤቱ ተንቆ አጥሩ ተነቀነቀ።

ቀጥሎ የመጣው የብራስልስ ጉባኤ የሁለቱ ጅረቶች መገናኛ ነው። ካርዲናል ላቪዥሪ የተባሉት የፈረንሳይ ጳጳስ ያቋቋሙት የነጭ አባቶች ማኅበር ሚስዮናውያን በ1879 ቡጋንዳ ደርሰው ነበር። ካርዲናሉ በ1888 በአውሮፓ ከተሞች እየተዘዋወሩ በምሥራቅና በመካከለኛው አፍሪካ ስለሚካሄደው የባሪያ ንግድ ሰበኩ፤ የሕዝቡም ስሜት ተነሣሣ። የንግዱ ግፍ እውነተኛ ነበር። የምሥራቅ አፍሪካ ሰው በሰንሰለት ታስሮ ወደ ዛንዚባርና ወደ ሌሎች ወደቦች ይነዳ እንደነበር ማንም አይክደውም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 18 ቀን 1889 ጉባኤው በብራስልስ ተከፈተ፤ ጋባዡም የቤልጅጉ ንጉሥ ሊዮፖልድ ሁለተኛ ነበሩ። በኮንጎ ሕዝብ ላይ በጎማ ምክንያት የደረሰውን መከራ የሚያስታውስ ሁሉ የጋባዡን ማንነት ልብ ሊል ይገባል።

የብራስልስ ሰነድ የባሪያን ንግድ ለማጥፋት የሚበጁ ያላቸውን ዘዴዎች ዘረዘረ። በአፍሪካ ውስጥ የተመሸጉ ጣቢያዎች ይሠሩ፤ መንገድና የምድር ባቡር ይዘርጋ፤ የእንፋሎት መርከብ በሐይቆች ላይ ይንሳፈፍ፤ ቴሌግራፍ ይግባ፤ የጦር መሣሪያ ንግድ ይገደብ አለ። በሉጋርድ ምሽግ ላይ ይህ ሁሉ በአንድ ቦታ ተፈጸመ። በጃኑዋሪ 1892 በመንጎ በተደረገው ውጊያ ማክሲም የተባለው መትረየስ ተተኮሰ። በ1894 ኡጋንዳ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ሆነች። ከሞምባሳ የተነሣው የኡጋንዳ የምድር ባቡር ሥራ በ1896 ተጀምሮ በ1901 ቪክቶሪያ ሐይቅ ሲደርስ፣ ደጋፊዎቹ ባቡሩ የብራስልስን ግዴታ የሚፈጽም ነው ብለው ተከራክረውለት ነበር። ሐዲዱን ለመሥራት ከህንድ ከመጡት ወደ 32,000 ከሚጠጉ ሠራተኞች መካከል ወደ 2,500 የሚሆኑት በሥራው ላይ ሞተዋል።

ኢትዮጵያና የመሣሪያው ዕገዳ

ወደ አገራችን እንመለስ። ኢትዮጵያ በባሪያ ንግድ ጉዳይ ቃል የገባችው ብራስልስ ጠርታት አልነበረም። ዐፄ ዮሐንስ በጁን 3 ቀን 1884 በዐድዋ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉ ጊዜ የባሪያ ንግድን ስለ ማቆም የተለየ ውል ፈርመው ነበር። የብራስልሱ ጉባኤ በተከፈተ ጊዜ ግን የኢትዮጵያ ልዑክ በአዳራሹ አልነበረም። ቱርክ፣ ፋርስና ዛንዚባር ከፈራሚዎቹ 17 መንግሥታት ውስጥ ሲቆጠሩ፣ የኢትዮጵያ ስም በዝርዝሩ የለም።

ምክንያቱን ለማወቅ ጥቂት ወራት ወደ ኋላ መሄድ ይበቃል። በሜይ 2 ቀን 1889 የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለመጻጻፍ በኢጣልያ መጠቀም ትችላለች ሲል፣ በኢጣልያንኛው አስገዳጅ አድርጎ ተጽፎ ነበር። ኢጣልያም በኦክቶበር 11 ቀን 1889 የበርሊኑን ሰነድ ጠቅሳ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ስትል ለመንግሥታት አስታወቀች። ዐፄ ምኒልክ በኖቬምበር 3 ቀን በእንጦጦ ዘውድ ጫኑ፤ የብራስልሱም ጉባኤ ከ15 ቀን በኋላ ተከፈተ። ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ መጫናቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት በጻፉ ጊዜ ከእንግሊዝ የመጣላቸው መልስ ደብዳቤያቸው በኢጣልያ በኩል መምጣት እንደነበረበት የሚያስታውስ ሆነ። የጉባኤ አዳራሽ በር በወረቀት እንዴት እንደሚዘጋ ኢትዮጵያ ያን ጊዜ አየች።

የብራስልስ ሰነድ ከ20 ዲግሪ ሰሜን እስከ 22 ዲግሪ ደቡብ ኬክሮስ ባለው የአፍሪካ ምድር ዘመናዊ ጠመንጃና ጥይት እንዳይገባ ይከለክላል። ኢትዮጵያም ኡጋንዳም በዚህ ክልል መካከል የሚገኙ ናቸው። ዓላማው የባሪያ ፈንጋዩን መሣሪያ ማስፈታት ነው ተባለ። ነገር ግን ዕገዳው በፈንጋዩና አገሩን በሚከላከለው ወታደር መካከል ልዩነት አላደረገም። ምኒልክ ግን በጂቡቲና በኦቦክ በኩል መሣሪያ ማስገባታቸውን አላቋረጡም፤ የውጫሌንም ውል በ1893 አፈረሱ። በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የተሰለፈው የኢትዮጵያ ጦር ጦርና ጎራዴ ብቻ ይዞ ቢሆን ኖሮ የቀኑ ውጤት ምን ይሆን እንደነበር ወታደር የሆነ ሁሉ በራሱ መገመት ይችላል።

ከዐድዋ በኋላ የተገኘው ወንበር

የዐድዋ ድል በጉባኤው ዓለም ያስከተለውን ውጤት ለማየት ወደ 1900 እንሸጋገር። በ1897 የትሪኒዳዱ ተወላጅ ሄንሪ ሲልቬስተር ዊሊያምስ በለንደን የአፍሪካ ማኅበር የተባለ ድርጅት አቋቁመው ነበር። ይህ ማኅበር ከጁላይ 23 እስከ 25 ቀን 1900 በዌስትሚንስተር የከተማ አዳራሽ የመጀመሪያውን የፓን አፍሪካ ጉባኤ ጠራ። ከአሜሪካ፣ ከምዕራብ ህንድ ደሴቶችና ከአፍሪካ የመጡ ጥቁር ሕዝቦች ተሰበሰቡ። ጳጳስ አሌክሳንደር ዎልተርስ ሊቀ መንበር ሆኑ። ለዓለም መንግሥታት የተላለፈውን መልእክት ያዘጋጀውን ኮሚቴ የመሩት ዱ ቦይስ ሲሆኑ፣ የሃያኛው ክፍለ ዘመን ዋና ችግር በሰው ቀለም ላይ የተሰመረው መለያ መስመር እንደሚሆን አስጠነቀቁ። አና ጁሊያ ኩፐር የተባሉት መምህርት ከመድረኩ ንግግር አደረጉ። በ1840 በዚያችው ለንደን ሴቶች ዳር ተቀምጠው እንዲሰሙ ብቻ ተፈቅዶላቸው እንደነበር እናስታውሳለን።

ከልዑካኑ መካከል የዐፄ ምኒልክ ረዳት መኮንን ተብለው የተመዘገቡት የሃይቲ ተወላጅ ቤኒቶ ሲልቬን ነበሩ። ሃይቲ በ1804 የባሪያዎች አመፅ የወለዳት ነፃ አገር ናት። ሲልቬን ከዐድዋ ድል በኋላ በ1897 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ምኒልክን ያነጋገሩና ከዚያም በኋላ የተመላለሱ ሰው ናቸው። ጉባኤው ዐፄ ምኒልክን ከሃይቲና ከላይቤሪያ ፕሬዚዳንቶች ጋር የክብር አባል አድርጎ ሰየመ። ከአሥር ዓመት በፊት በብራስልስ ስምዋ ያልተጠራው አገር አሁን በለንደን የጥቁር ሕዝቦች መመኪያ ሆና ተጠራች። ይህን ክብር ያስገኘላት በዐድዋ የወደቀው ወታደር ደም ነው።

ጉባኤው በደቡብ አፍሪካና በሮዴዥያ ስላለው የግዳጅ ሥራና የይለፍ ወረቀት ለንግሥት ቪክቶሪያ አቤቱታ አቀረበ፤ ያገኘው መልስ የመንግሥቱ ሚኒስትሮች የአገሬውን ጥቅም አይዘነጉም የሚል ነበር። በዚያው ዓመት በማርች ወር የተፈረመው የቡጋንዳ ስምምነት የካምፓላን አካባቢ መሬት በዘውዱና በባላባቶች መካከል ሲያከፋፍል፣ መሬቱን የሚያርሰው ገበሬ ጭሰኛ ሆኖ ቀረ።

የተፈረመው ቃል ሲፈተን

በ1899 በሄግ የ26 መንግሥታት ልዑካን የሰላም ጉባኤ አድርገው የመርዝ ጋዝ የሚረጭ ተወርዋሪ መሣሪያና በሰውነት ውስጥ የሚሰፋ ጥይት እንዳይሠራበት ቃል ሲገቡ ኢጣልያ ከፈራሚዎቹ አንዷ ነበረች። የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925ቱንም የጄኔቭ ፕሮቶኮል ተቀብላለች። ኢትዮጵያም በበኩልዋ በሴፕቴምበር 28 ቀን 1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆና፣ በመጨረሻ የራሷን ወንበር ይዛ ከዓለም መንግሥታት ጋር ተቀመጠች። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ1935 ተቋቋመ።

በዚያው ዓመት በኦክቶበር የፋሺስት ኢጣልያ ጦር ድንበር ጥሶ ገባ። ከዲሴምበር ጀምሮ የመርዝ ጋዝ ከአይሮፕላን ወረደ። በዲሴምበር 30 ቀን በመልካ ዲዳ የነበረው የስዊድን ቀይ መስቀል የጦር ሜዳ ሆስፒታል በቦምብ ተደበደበ። በሄግ የተገባው ቃልና በጄኔቭ የተመረጠው ምልክት በአንድ ጦርነት ውስጥ አብረው ተረገጡ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በጁን 30 ቀን 1936 በጄኔቭ በማኅበሩ ፊት ቀርበው ሲናገሩ የኢጣልያ ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያቋርጧቸው ሞከሩ። በሚቀጥለው ወር ማኅበሩ በኢጣልያ ላይ የጣለውን ማዕቀብ አነሣ። ወንበር ማግኘት ብቻውን አገርን እንደማያድን ኢትዮጵያ በዚያ አዳራሽ ተማረች።

ከማንችስተር ወደ ካምፓላ

የኢትዮጵያ መወረር ግን የጥቁር ሕዝቦችን ጉባኤ እንደገና አጠናከረ። በኦክቶበር 1945 በማንችስተር በተካሄደው አምስተኛው የፓን አፍሪካ ጉባኤ ክዋሜ ንክሩማና ጆሞ ኬንያታ ተገኝተዋል። ከአዘጋጆቹ አንዱ በእንግሊዝ ጊያና የተወለዱ ሲሆኑ፣ ከወረራው ጊዜ ጀምሮ የልደት ስማቸውን ትተው ራስ መኰንን ተብለው ይጠሩ ነበር። ያ ጉባኤ ነፃነትን በአቤቱታ መለመን ትቶ በቀጥታ ጠየቀ። በሜይ 25 ቀን 1963 ከ30 በላይ የአፍሪካ ነፃ መንግሥታት በአዲስ አበባ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ሲመሠርቱ በቀደመው ዓመት ነፃ የወጣችው የኡጋንዳ መሪ ሚልተን ኦቦቴም ከመካከላቸው ነበሩ። በበርሊን አንድም አፍሪካዊ ካልተገኘበት ስብሰባ እስከዚህች ቀን 78 ዓመት አልፎ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ካምፓላ ራስዋ የጉባኤ ከተማ ሆነች። በጁላይ 1975 የአፍሪካ መሪዎች በኢዲ አሚን ዘመን በካምፓላ ሲሰበሰቡ፣ የናይጄሪያው መሪ ያኩቡ ጎዎን በስብሰባው ላይ እንዳሉ በአገራቸው ከሥልጣን መውረዳቸው ተሰማ። ከኤፕሪል 3 እስከ 8 ቀን 1994 ሰባተኛው የፓን አፍሪካ ጉባኤ በዚያው ከተማ ተካሄደ። ሴቶች በዚህ ጉባኤ የራሳቸውን የፓን አፍሪካ ድርጅት መሠረቱ። ነገር ግን ጉባኤው እየተካሄደ ሳለ፣ በኤፕሪል 6 ቀን ማታ የሩዋንዳው ፕሬዚዳንት አይሮፕላን ተመትቶ ወደቀና በጎረቤት አገር የዘር ማጥፋት ተጀመረ። ወደ 800,000 የሚገመት ሰው በመቶ ቀን ውስጥ አለቀ። የሟቾቹ አስከሬን በካጌራ ወንዝ ተወስዶ ቪክቶሪያ ሐይቅ ገባ፤ በኡጋንዳ ዳርቻ የሚኖሩ ሰዎችም እየሰበሰቡ ቀበሩት። ስለ አፍሪካ አንድነት በአዳራሽ ውስጥ ከተነገረው ሁሉ ይልቅ የእነዚያ ዓሣ አጥማጆችና ገበሬዎች የቀብር ሥራ ወንድማማችነትን የገለጸ ይመስለናል።

ካምፓላ ከዚህ መከራ በኋላ ሁለት ቁም ነገር ያላቸውን ሰነዶች ለዓለም አበርክታለች። በኦክቶበር 23 ቀን 2009 በአፍሪካ ኅብረት ልዩ ስብሰባ በአገራቸው ውስጥ የተፈናቀሉ ሰዎችን ለመጠበቅና ለመርዳት የሚያስገድደው የካምፓላ ስምምነት ጸደቀ፤ በዲሴምበር 6 ቀን 2012 ሥራ ላይ ዋለ፤ ኢትዮጵያም በ2020 አጽድቃዋለች። በጁን 2010 ደግሞ የዓለም አቀፉን የወንጀል ፍርድ ቤት መመሥረቻ ደንብ ለመመርመር በካምፓላ የተሰበሰቡት መንግሥታት የወረራ ወንጀል ምን እንደሆነ የሚተረጉም ማሻሻያ ተቀበሉ። ኢትዮጵያ በ1936 በጄኔቭ ያቀረበችው አቤቱታ በወንጀል ደረጃ የተተረጎመው ከ74 ዓመት በኋላ፣ የሉጋርድ ምሽግ በነበረባት ከተማ ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ ረጅም ታሪክ አንባቢ ይዞት ሊሄድ የሚገባው ፍሬ ነገር አጭር ነው። ጉባኤ በራሱ ክፉም በጎም አይደለም። ጉባኤ ስለ አንድ ሕዝብ ተጠራ ሲባል በቅድሚያ ያ ሕዝብ በአዳራሹ ወንበር እንዳለው እንጠይቅ፤ በርሊንና ብራስልስ ያስተማሩን ይህንን ነው። ቀጥሎ ውሳኔው የሚፈጸም፣ ልኩ የታወቀ ነገር መሆኑን እንመርምር፤ የ1864ቱ አሥር አንቀጾች ከብዙ ንግግር ይልቅ የብዙ ወታደር ነፍስ አትርፈዋል። በመጨረሻም ቃሉን የሚያፈርስ ሲነሣ ቃሉን የሚያስከብር ማን እንደሆነ እንወቅ፤ በ1936 በጄኔቭና በ1994 በካምፓላ የጎደለው ይኸው ነበር።

ዛሬ በቡኮቶ የሚኖር ሰው ማለዳ ወደ ሥራው ሲወርድ አሮጌውን ኮረብታ ከሩቅ ያይ ይሆናል። አያቶቹ ስለ እነርሱ የተፈረመውን ወረቀት ሳያዩ በሰው ጥበቃ ሥር ወደቁ። እርሱ ግን በከተማው የተፈረመውን ስምምነት አንብቦ፣ ጦርነትና ጎርፍ ከቤቱ ያፈናቀለው ወገኑ በዚያ ሰነድ የተጻፈለትን መጠለያና ምግብ ማግኘት አለማግኘቱን መጠየቅ ይችላል። ኢትዮጵያም ይህንኑ ሰነድ ስላጸደቀች በእኛም አገር ከቀዬው የተፈናቀለ ሰው ይኸው ጥያቄ አለው። ጥያቄውን ማቅረብም የእያንዳንዳችን ፋንታ ነው።